በመንገድ የቀሩትን መቁጠር

እኛ መዝገብ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። በየገዳማቱ ዕቃ ቤት የተቀመጡትን የብራና ወንጌሎች የገለጠ ሰው በኅዳጋቸውና ሳይጻፍባቸው በቀሩት ቅጠሎች ላይ የርስት ሽያጭ፣ የመሬት ስጦታ፣ የንዋያተ ቅድሳት ቆጠራ፣ ዝክር እንዲዘከርላቸው አደራ ያሉ ሰዎች ስም ሰፍሮ ያገኛል። ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ንጉሡ የት እንደ ሰፈረ፣ የትኛውን ወንዝ መቼ እንደ ተሻገረ ሳይሰለቹ ጽፈዋል። ወደ ዘመናችን ስንቀርብ ደግሞ እድር አለ። እድር ያለ ደብተርና ያለ ጸሐፊ አይቆምም። ማን ሞተ፣ መቼ ሞተ፣ ለቀብሩ ስንት ብር ወጣ፣ ማን ከለቅሶ ቀረ፤ ይህ ሁሉ በዚያ ደብተር አለ። ሙታንን በስም መያዝ ከአባቶቻችን የወረስነው ወግ ነው።

ባለፉት 120 ዓመታት ገደማ ግን ይህ ወግ በሚገባ ያልደረሰበት አንድ የሞት በር ተከፍቷል፤ የመኪና መንገድ። በዚህ በር የሄዱትን እያንዳንዱ ቤተሰብ ያውቃቸዋል። እንደ አገር ግን ስንት እንደ ሆኑ፣ የት እንደ ወደቁ፣ ምን እንደ ገደላቸው አሟልቶ የሚናገር መዝገብ የለንም። ለምን እንደ ሌለን ለመረዳት የመንገዱን ታሪክና የመዝገቡን ታሪክ ጎን ለጎን ማየት ያሻል፤ ሁለቱ በእኛም አገር በሌላውም ዓለም እኩል አልተጓዙምና።

መንገድ በታሪካችን አስቀድሞም የሥልጣንና የምኞት ምልክት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን ወደ መቅደላ ለማድረስ ባሠሩት መንገድ ላይ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ይሠሩ እንደ ነበር ተጽፏል። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ ሲገቡ ዳግማዊ ምኒልክ በደስታ ተቀበሏቸው። በዚያው ዘመን ወደ ጀርመን የተላኩት ተሰማ እሸቴ የመኪናን ሙያ ተምረው ተመለሱ። ዛሬ ይበልጡን የምናስታውሳቸው በቅኔያቸውና በዚያ ጉዞ በሸክላ ባስቀረጹት ዜማ ቢሆንም፣ መሪ የጨበጡ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እየተባሉም ይወሳሉ። መኪና ወደ እኛ የመጣችው በቤተ መንግሥት በር፣ በክብርና በአድናቆት ታጅባ ነው። ገዳይ ልትሆን ትችላለች ብሎ መዝገብ ያዘጋጀላት አልነበረም።

ሌላውም ዓለም አላዘጋጀላትም። በነሐሴ 1896 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በክሪስታል ፓላስ ግቢ ብሪጅት ድሪስኮል የተባሉ ሴት ለትርኢት በቀረበች መኪና ተገጭተው ሞቱ። በብሪታንያ ምድር በመኪና ተገጭተው የሞቱ የመጀመሪያዋ እግረኛ እሳቸው ናቸው። አሽከርካሪው በዝግታ ይነዳ እንደ ነበር ተናገረ፤ በቦታው የነበሩት ደግሞ እጅግ ትፈጥን ነበር አሉ። ጉዳዩን የመረመረው ሸንጎ ድንገተኛ ሞት ነው ብሎ ደመደመ፣ ነገሩም በዚያው ተዘጋ። የፍጥነቱ ክርክር፣ «ድንገተኛ» የሚለው ብያኔና የመዝገቡ መዘጋት፣ ሦስቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ በየአገሩ ሲደገሙ ኖረዋል።

ድንገተኛ የሚባለውን ነገር በሌላ ዓይን ማየት የሚቻልበት መንገድ በዚያው ሰሞን ተገኝቶ ነበር። በ1898 እ.ኤ.አ. ላዲስላውስ ቦርትኪየቪች የተባለ የስታቲስቲክስ ሊቅ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ከምሳሌዎቹ አንዱ በፕሩሺያ ጦር ውስጥ በፈረስ እርግጫ ስለ ሞቱ ወታደሮች ነበር። 14 ጓዶችን በ20 ዓመት ተከታተለ፤ ይህ 280 የጓድ ዓመት ይሆናል። በእነዚህ ሁሉ 196 ሰው ሞቷል። በ144ቱ የጓድ ዓመት አንድም ሰው አልሞተም፣ በ91ዱ አንድ ሰው፣ በ32ቱ ሁለት፣ በ11ዱ ሦስት፣ በሁለቱ ደግሞ አራት ሰው ሞቷል። ቦርትኪየቪች ይህን ፈረንሳዊው ፖይሶን ከ60 ዓመት በፊት ከቀመረው ስሌት ጋር አስተያየው። ስሌቱ አንድም ሞት የማይኖርበት የጓድ ዓመት 139 ያህል ይሆናል ይላል፤ በእርግጥ የተገኘው 144 ነው። የትኛው ፈረስ የትኛውን ወታደር እንደሚመታ የሚያውቅ አልነበረም። ከብዙ ዓመት በስንቱ ስንት ሰው እንደሚሞት ግን አስቀድሞ በወረቀት ላይ ማስላት ተቻለ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባናል፤ ነገሩ እኛን በቀጥታ ይነካልና። በለቅሶ ቤት «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። ሐዘንተኛን የሚያጽናና ጥንታዊ ቃል ነው፤ እኔም ከማንም አፍ ላወጣው አልሻም። ነገር ግን ለአንድ ሰው ቀኑ አይታወቅም ማለት ለአንድ ከተማ ቁጥሩ አይታወቅም ማለት አይደለም። ከአንድ ከተማ ሰዎች ሥራ፣ መንገድና መኪና ምንም ካልተለወጠ በሚመጣው ዓመት በዚያ ከተማ የሚሞተው ሰው ቁጥር ከዘንድሮው ብዙም አይርቅም። ስማቸው ገና አልተወሰነም፣ ቁጥራቸው ግን ከወዲሁ ሊገመት ይችላል። ይህን ያወቀ ከተማ መጽናናቱን ለለቅሶ ቤት ትቶ በማዘጋጃ ቤቱ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ አለበት።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ እየሰፋ ሄደ። ጣልያን በአምስቱ የወረራ ዓመታት ለጦሩ ሲል ጣርማ በርን በዋሻ በሳው፣ ሊማሊሞን ጠምዝዞ ወጣው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር የአገሪቱ መንገድ 26 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ከ100 ሺህ በላይ ሆነ። የትኛውም ትውልድ ይህን ያህል መንገድ ወርሶ አያውቅም። እያንዳንዷ ኪሎ ሜትር ተለክታለች፣ ተመርቃለች፣ በሪፖርት ገብታለች። የአስፋልቱ መዝገብ ሲሞላ በአስፋልቱ ላይ የወደቁት ሰዎች መዝገብ ግን እኩል አልሞላም።

በዚህ ታሪክ መካከል ሁላችንም የምናውቀው አንድ ሰው አለ። በሮም በባዶ እግሩ፣ በቶኪዮ ደግሞ በጫማ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ምሽት ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ሲጓዝ የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠች። የአከርካሪ ጉዳቱ እግሮቹን ነሣው። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖም በቀስት ተወዳደረ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ከዚያ አደጋ ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ዓለም ዛሬ በሚሠራበት ልማድ በመንገድ አደጋ ሞተ የሚባለው ከአደጋው ቀን አንሥቶ በ30 ቀን ውስጥ የሞተ ሰው ነው። ስለዚህ በዚህ ደንብ ብንሄድ አበበ ቢቂላ በመንገድ ሙታን ቁጥር ውስጥ አይገባም። አገር ሁሉ ያለቀሰለት ሰው ከመዝገቡ ውጭ ነው።

ደንቡ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። አንዱን አገር ከሌላው፣ ዘንድሮን ከአምና ለማስተያየት የተወሰነ ቀን የግድ ነው። ግን ደንቡ ምን እንደሚተው ማወቅም የእኛ ፋንታ ነው። የእኛ ሰው ሙቱን በአርባው ያስባል፣ በዓመቱ ያስባል፣ ሲሆንለት በሰባት ዓመቱ ተዝካር ያወጣል። መዝገቡ ግን በ30ኛው ቀን ይዘጋል። አንዳንዴማ ከዚያም በፊት፣ ቁስለኛው ሆስፒታል በር ሲደርስ ይዘጋል፤ የትራፊክ ፖሊሱ ቅጽ ላይ «ከባድ ጉዳት» ተብሎ የተጻፈ ሰው በሦስተኛው ሳምንት አልጋው ላይ ቢሞት ተመልሶ የሚያርመው ከሌለ እንደ ቆሰለ ይኖራል። በሕይወት ተርፎ እግሩን ያጣው የቀን ሠራተኛ ደግሞ በዚያችው «ከባድ ጉዳት» በምትል ቃል ውስጥ፣ እጁ ተሰብሮ በሁለት ወር ከዳነው ጋር አንድ ላይ ይቆጠራል። ሱዛን ቤከርና ባልደረቦቿ በ1974 እ.ኤ.አ. ጉዳትን በየአካል ክፍሉና በየክብደቱ የሚለካ ስሌት ያወጡት ይህ መቀላቀል ሐኪሙንም ተመራማሪውንም ስላሳወረ ነበር።

አሜሪካውያን ከጥፋተኛው ይልቅ ጉዳቱን ወደ መመርመር የደረሱት ከረጅም መሳት በኋላ ነው። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ወሬያቸው ሁሉ ስለ አሽከርካሪው ጥፋት ነበር፤ ጥንቃቄ የጎደለው፣ የጠጣ፣ የማያውቅ አሽከርካሪ። ነገሩን ከገለበጡት አንዱ ሂው ደሄቨን ነው። በ1917 እ.ኤ.አ. የበረራ ሠልጣኝ ሳለ አውሮፕላኑ ከሌላ ጋር ተጋጭታ ወደቀች፣ እሱ ተረፈ። ለምን እንደ ተረፈ ግን ሲያሰላስል ኖረ። በ1942 እ.ኤ.አ. ከረጅም ፎቅ ወድቀው ስለ ተረፉ ሰዎች ጥናት አሳተመ። ከነዚህ ሰዎች ተአምር ይልቅ ያረፉበትን ነገር መረመረ፤ የለሰለሰ አፈር፣ የጎበጠ ቆርቆሮ፣ ኃይሉን ቀስ አድርጎ የተቀበለ ነገር። ሰውን የሚገድለው መውደቁ ሳይሆን ኃይሉ በአካሉ ላይ የሚያርፍበት ሁኔታ መሆኑን አሳየ። የዛሬው መኪና መሪ፣ ዳሽቦርድና ቀበቶ የዚያ አስተሳሰብ ልጆች ናቸው።

ዊልያም ሀደን ደግሞ የሕዝብ ጤና ሐኪም ነበር። በ1966 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ሕግ ስታወጣ የአዲሱ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነ። ሀደን የመንገድ ጉዳትን እንደ ወባ ተመለከተው። ወባን ያጠፋ አገር በሽተኛውን በመቆጣት አላጠፋትም፤ ረግረጉን አደረቀ፣ አጎበር ሰጠ፣ መድኃኒት አቀረበ። በመንገድም ላይ ሰው አለ፣ ተሽከርካሪ አለ፣ አካባቢ አለ፤ ለእያንዳንዳቸውም ከግጭቱ በፊት፣ በግጭቱ ቅጽበትና ከግጭቱ በኋላ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። ይህን በአንድ ሠንጠረዥ ላይ አስቀመጠው። የእኛን የሥራ ክፍፍል በዚያ ሠንጠረዥ ላይ ብናነጥፍ አብዛኛው ጉልበታችን በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ከግጭቱ በፊት ባለው አሽከርካሪ ላይ ተከማችቶ እናገኘዋለን። የቀሩት ክፍሎች ጾማቸውን ያድራሉ።

ከዚያ ዘመን ሌላ ልንወርሰው የሚገባን ትምህርት አለ። ሮበርት ቦርከንስታይን በሚሺጋን ግዛት ግራንድ ራፒድስ ከተማ የጠጡ አሽከርካሪዎችን ሲያጠና አደጋ የደረሰባቸውን ብቻ አልመረመረም። በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት በሰላም የሚያልፉ አሽከርካሪዎችንም እያስቆመ ትንፋሻቸውን ለካ። ተጋጭተው ወደ 6 ሺህ፣ በሰላም አልፈው ደግሞ ከ7 ሺህ በላይ አሽከርካሪዎች ተመዘገቡ። ከተጋጩት ስንቱ ጠጥቷል ብሎ መጠየቅ ብቻውን ምንም አይነግርም፤ በሰላም ካለፉትስ ስንቱ ጠጥቶ ነበር የሚለው መልስ ሲገኝ ነው አደጋው የሚታወቀው። የበርካታ አገሮች የአልኮል ወሰን ሕግ የቆመው በዚህ ማስተያየት ላይ ነው።

የእኛ ሰው ያለ ወረቀትም ስታቲስቲክስ ይሠራል። የጫት መኪና ሲመጣ ከመንገድ ዳር ወግድ ይባላል። ሲኖትራክ ከኋላው የቀረበበት አሽከርካሪ ልቡ ይመታል። ይህ ፍርሃት ከልምድ የተቀዳ ነው፣ አልንቀውም። ግን የጎደለው ነገር አለ። አንድ ዓይነት ጭነት መኪና በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? በሌሊት ነው ወይስ በቀን? ከመንደር መሐል ለመሐል ነው የሚያልፈው ወይስ ገላጣ ሜዳ ላይ? ይህ ሳይታወቅ የትኛው መኪና በእርግጥ ገዳይ እንደ ሆነ፣ የትኛው ደግሞ ብዙ ስለሚሠራ ብቻ ስሙ እንደሚነሣ መለየት አይቻልም።

የመለኪያው አካፋይ በመንግሥት ሪፖርትም ውስጥ ያሳስታል። የሞት መጠን ለ10 ሺህ ተሽከርካሪ ተብሎ ሲሰላ በየዓመቱ የሚቀንስ ይመስላል፤ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን እንግሊዛዊው ሩበን ስሚድ በ1949 እ.ኤ.አ. የ20 አገሮችን አኃዝ ሰብስቦ እንዳሳየው፣ በየትም አገር ተሽከርካሪ ሲበዛ ለእያንዳንዱ ተሽከርካሪ የሚደርሰው ሞት በራሱ ይቀንሳል። መኪና ስለ በዛ ብቻ የሚወርድ አኃዝ የማንም የሥራ ውጤት ተብሎ ሊመዘገብ አይገባውም። የሚሞተው ሰው ግን በዚያው ጊዜ ሊጨምር ይችላል።

ወደ ራሳችን ከተማ እንመለስ። ማለዳ ላይ ሬዲዮ የከፈተ ሰው ባለፉት 24 ሰዓታት የደረሰውን የትራፊክ አደጋ ይሰማል። ስንት ሰው ሞተ፣ ስንት ሰው ከባድና ቀላል ጉዳት ደረሰበት፣ በብር ሲገመት ስንት ንብረት ወደመ። ከዚያ «ለእግረኛ ቅድሚያ ባለመስጠት» ይባላል፣ ከዚያም ሙዚቃ ይከተላል። ይህ አኃዝ የሚወጣው በየቦታው ከሚሞላው የፖሊስ ቅጽ ነው። ቅጹ ላይ የአሽከርካሪው ዕድሜ አለ፣ የትምህርት ደረጃው አለ፣ የመንዳት ልምዱ አለ፣ የመኪናው ባለቤት ይሁን ተቀጣሪ ተጽፏል። የአየሩ ሁኔታ፣ ብርሃኑ፣ የመንገዱ ዓይነት አለ። የትራፊክ ፖሊሱ በፀሐይና በዝናብ ሜትር ዘርግቶ፣ የፍሬን ምልክት ለክቶ፣ ፕላን አንሥቶ የሚያዘጋጀው ሰነድ ነው። ድካሙን ዝቅ አድርጎ ማየት ነውር ይሆናል።

ችግሩ ሰነዱ ከተወለደበት ምክንያት ይመጣል። የተወለደው ለፍርድ ቤት ነው። ጥያቄው «ማን አጠፋ?» ነውና መልሱም ሁልጊዜ አንድ ሰው ይሆናል። ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠት፣ ርቀት አለመጠበቅ፣ ወደ ኋላ ሲነዱ አለመጠንቀቅ፤ የምክንያት ዝርዝሩ የአሽከርካሪ ጥፋቶች ዝርዝር ነው። ታዲያ የዚህ መዝገብ ድምር በዓመቱ መጨረሻ ከአደጋው አብዛኛው በአሽከርካሪ ጥፋት ደረሰ ቢል ምን ይደንቃል? ያልተጠየቀ ነገር አይመለስም። በግጭቱ ሰዓት ፍጥነቱ ስንት ነበር? እግረኛው የተሻገረበት ቦታ ከዜብራው ምን ያህል ይርቃል? የመንገድ መብራቱ በርቶ ነበር? ቁስለኛው ሆስፒታል የደረሰው በስንት ደቂቃ ነው?

የአዲስ አበባን ቀለበት መንገድ አስቡት። መሐሉ በግንብ ተከፍሏል፣ መሻገሪያ ድልድዮቹ ደግሞ እርስ በርሳቸው ይራራቃሉ። ማለዳ የሥራ ሰዓት ላይ ቆሞ ለተመለከተ፣ ምሳ ዕቃዋን በፌስታል ያንጠለጠለች ወጣት ሠራተኛ ቀሚሷን ሰብስባ በመሐሉ ግንብ ላይ ስትወጣ፣ ከኋላዋም ሽማግሌ ከዘራቸውን አስቀድመው ሲከተሏት ማየት ብርቅ አይደለም። ሁለቱም ሞኞች አይደሉም። ድልድዩ ድረስ ሄዶ መመለስ የሚወስደውን ጊዜ ያውቁታል፣ የታክሲ ሰልፉንም ያውቁታል። ከዚያ ሰው ሲገጭ ቅጹ ላይ የሚጻፈው የአሽከርካሪው ወይም የእግረኛው ጥፋት ነው። ግንቡና የድልድዩ ርቀት በመዝገቡ ላይ ቦታ የላቸውም። በከተማችን በመንገድ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው፤ መኪና ኖሯቸው የማያውቁ ሰዎች የመኪናን ዕዳ በሕይወታቸው ይከፍላሉ። ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ግንብ ሲዘሉ የተገጩትን በአንድ ካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ ያስቀመጠ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል፤ ነጥቦቹ የሚከማቹት ሰዎቹ በሚኖሩበትና በሚሠሩበት መካከል፣ መሻገሪያ በሌለበት ቦታ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ክፍተት እንምጣ። ለ2016 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ በመንገድ አደጋ ሞቱ ብላ ያሳወቀችው 4,352 ሰዎችን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ግን ለዚያው ዓመት የገመተው 27,326 ነው። ግምቱ የመጣው ከስሌት ሞዴል ነው፣ ራሱም ሰፊ የስሕተት ህዳግ አለው። ቢሆንም በሁለቱ መካከል ወደ 23 ሺህ የሚጠጋ ልዩነት አለ። እውነቱ በመካከላቸው የትኛውም ቦታ ይሁን፣ በስም የምናውቃቸው ነገር ግን እንደ አገር ያልቆጠርናቸው ብዙ ሺህ ሰዎች አሉ ማለት ነው።

ያልተቆጠረውን መገመት የጥንቆላ ሥራ አይደለም። ሁለት መዝገብ ይበቃል። ለምሳሌ በአንድ መንገድ ላይ ፖሊስ 60 ሙታን መዘገበ እንበል፤ ሆስፒታሎቹ ደግሞ ለብቻቸው 50 መዘገቡ። ስም ከስም፣ ቀን ከቀን ሲመሳከር 30ዎቹ በሁለቱም ላይ ተገኙ። ሆስፒታሎቹ ከመዘገቧቸው 50 ሰዎች ፖሊስ ያገኘው 30ውን፣ ማለትም ከመቶ 60ውን ነው። እንግዲያስ ፖሊስ ከጠቅላላው ሙታንም ከመቶ 60 ያህሉን አግኝቷል፤ የእሱ 60 ሙታን ከጠቅላላው 60 በመቶ ከሆኑ ጠቅላላው 100 ገደማ ነው። ሁለቱ መዝገቦች አንድ ላይ ሆነው እንኳ 80 ብቻ ስለ ያዙ 20 ሰው በየትኛውም ላይ የለም። ስሌቱ የሚሠራው ሁለቱ መዝገቦች አንዱ በሌላው ላይ ሳይደገፉ የተያዙ ሲሆኑ ነው፤ ተመራማሪዎች ይህን እያስተካከሉ ይሄዳሉ። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በአዲስ አበባና ሐዋሳ መንገድ ላይ ይህን ዘዴ ሠርተውበታል፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የመንገድ ሞትም ጉዳትም በመዝገብ ላይ ጎድሎ እንደሚያዝ አረጋግጧል።

የሚያኮራን ደግሞ ሌላ የቆጠራ ወግ አለን። በቡታጅራ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ የገጠሩን ልደትና ሞት ቤት ለቤት እየሄዱ የሚመዘግቡ ሰዎች ነበሩ፤ ሞት ሲኖር ዘመዱን ጠይቀው ምን እንደ ገደለው ይጽፉ ነበር። በአዲስ አበባ ደግሞ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ወደ መቃብር ሥፍራዎቹ ሄዱ። በአብያተ ክርስቲያናቱም በመስጊዶቹም መቃብር የሚመዘግቡት ጸሐፊዎች ለቀብር የመጣውን ቤተሰብ ሟቹ ምን ሆኖ ሞተ ብለው ይጠይቁ ነበር፤ መልሱም በዕድሜና በጾታ ተለይቶ ይያዝ ነበር። ሐኪም ያልፈረመበት፣ በቤተሰብ ቃል የቆመ መዝገብ ነው። ስለ ልብ ሕመም ወይም ስለ ካንሰር የቤተሰብ ቃል ሊሳሳት ይችላል። ስለ መኪና አደጋ ግን ማን ይሳሳታል? እንደ እኔ እምነት የእድር ደብተር፣ የመቃብር መዝገብና የሆስፒታል ካርድ ከፖሊስ ቅጽ ጋር ቢገናኙ ያን ብዙ ሺህ ሰው የምናገኝበት መንገድ ከውጭ የሚመጣ አይሆንም፤ ግማሹ በእጃችን ነው።

ቆጥሮ መጨረስ ደግሞ የሥራው መጀመሪያ ነው። አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ይገባል፤ ብዙ አገር የወደቀበት ጉድጓድ ነውና። አንድ ጠመዝማዛ መንገድ በአንድ ዓመት ዘጠኝ ሰው ፈጀ እንበል። ሕዝቡ ጮኸ፣ ባለሥልጣን መጣ፣ ትልቅ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ተተከለ። በሚቀጥለው ዓመት አራት ሰው ሞተ፣ ሰሌዳውም ተመሰገነ። ግን የዚያ ቦታ የብዙ ዓመት አማካይ አምስት ከነበረ ዘጠኙ ራሱ ክፉ አጋጣሚ ነበር፤ ምንም ባይደረግም ወደ አምስት ይመለስ ነበር። የፕሩሺያን ጓዶች ያስታውሰናል፤ ዘንድሮ አራት የሞተበት ጓድ ለከርሞ አንድም ላይሞትበት ይችላል። ካናዳዊው ኤዝራ ሃወር የሕይወት ሥራውን ያደረገው የመንገድ መሐንዲሶችን ከዚህ ስሕተት ማዳን ነበር፤ የአንድን ቦታ የራሱን ታሪክ ከሚመስሉት ቦታዎች አማካይ ጋር አመዛዝኖ የሚገምት ስሌት አስተማረ። ያልሠራን ነገር ሠርቷል ብለን ስንባርክ የሠራው ነገር ገንዘብ ያጣል።

የሠራው ነገር የትኛው እንደ ሆነ ደግሞ በብዙው ይታወቃል። በስዊድን ጎራን ኒልሰን የፍጥነት ወሰን ሲለወጥ የሆነውን ተከታትሎ፣ አማካይ ፍጥነት በመቶ አንድ ሲወርድ ለሞት የሚያበቃ አደጋ በመቶ አራት ያህል እንደሚወርድ አሳየ። ስዊድን በ1997 እ.ኤ.አ. በመንገዴ ላይ የሚሞት ሰው አይኑር የሚለውን ዓላማ በፓርላማዋ ያጸደቀችው ይህን መሰል ማስረጃ በእጇ ይዛ ነው። በአዲስ አበባ በ2009 ዓ.ም. ለገሃር መስቀለኛ መንገድ ላይ በቀለምና በሚነሣ ማገጃ የእግረኛው ሥፍራ ሲሰፋ፣ መኪናው መታጠፊያው ላይ ዝግ ለማለት ተገደደ። እግረኛውም ሰፊውን አስፋልት በአንድ ትንፋሽ መሮጥ ቀርቶለት በየመሐሉ መቆሚያ አገኘ። ወጪው ከአንድ ድልድይ ወጪ ጋር አይወዳደርም። እንዲህ ያለው ሥራ በስንት ቦታ መደገም እንዳለበት የሚነግረን ያ ነጥብ በነጥብ የተሞላ ካርታ ነው፤ ካርታውን የሚሞላው ደግሞ የፖሊሱ ቅጽ ላይ «ጎሮ አካባቢ» ከማለት ይልቅ ትክክለኛውን ቦታ የሚያስቀምጥ አንድ መስመር ነው።

ሕጉ በከፊል ተዘጋጅቷል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ልደትና ሞት እንዲመዘገብ አዝዟል፣ ምዝገባውም በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጁ ደግሞ ተጎጂው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጓል። በዚህ ድንጋጌ ሆስፒታል የገባ እያንዳንዱ ተጎጂ ደረሰኝ አለው፤ ደረሰኙ ደግሞ ራሱ መዝገብ ነው። በአዲስ አበባው አቤት ሆስፒታልም ሆነ በየክልሉ የድንገተኛ ክፍሎች ነርሶች በየሌሊቱ የሚጽፉት ካርድ አለ። አሁን የሚቀረው አንድ ሰው በፖሊስ፣ በሆስፒታል፣ በመድንና በወሳኝ ኩነት መዝገብ አራት ጊዜ ሲጻፍ አንድ ሰው መሆኑን የሚያሳውቅ ቁጥር፣ ይህንንም ዓመት ጠብቆ ለሕዝብ የሚያወጣ ቢሮ ነው። ያ ቢሮ ሥራውን በትክክል ሲጀምር የሟች ቁጥር ይጨምራል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚጨምረው ሞት ሳይሆን እይታችን ስለሚሆን፣ አለቆቹም ጋዜጠኞቹም ኃላፊውን ለመውቀስ እንዳይቸኩሉ ከወዲሁ ሊነገራቸው ይገባል።

የተባበሩት መንግሥታት ከ2021 እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ያለውን ዐሥር ዓመት የመንገድ ደኅንነት ዐሥርት ብሎ የሰየመው ሞትንና ጉዳትን ቢያንስ በግማሽ ለመቀነስ ነው። ግማሽ ለማለት ግን መነሻ ያስፈልጋል። በ2016ቱ አኃዝ ብንሄድ የ4,352 ግማሽ 2,176 ነው፤ የ27,326 ግማሽ ደግሞ 13,663 ነው። በመጀመሪያው መነሻ የጀመረ አገር ቁስለኛውን ከሆስፒታል በር መልስ ባለመከታተል ብቻ ወደ ግቡ ሊጠጋ ይችላል፤ በሁለተኛው የጀመረ አገር የቀለበት መንገዱን ግንብ ካልነካ፣ ፍጥነቱን ካላወረደ አይጠጋም። የትኛውን መነሻ እንደ ያዝን በይፋ ጽፈን የምናስቀምጠው ዓመቶቹ ከማለቃቸው በፊት፣ በዚህ ትውልድ እጅ ነው።